ቆዳና ቆዳ መሳይ፤ ነጋዴ እንዴት ይለያቸዋል?



በአገራችን ቆዳን የማያውቅ ሰው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አባቶቻችን በጀንዲ ተኝተዋል፤ በአጎዛ ተቀምጠዋል፤ እህላቸውን በስልቻና በአቁማዳ ጭነዋል፤ በሬያቸውን በጠፍር ጠምደዋል፤ መጽሐፋቸውንም በብራና ጽፈው በቆዳ ማኅደር አኑረዋል። ይህን ያህል ዘመን ከቆዳ ጋር የኖረ ሕዝብ፣ ዛሬ ቆዳ ነው ተብሎ የቀረበለትን የፕላስቲክ ቦርሳ ወይም ጫማ ሳያውቅ ገዝቶ ወደ ቤቱ ሲገባ ማየት የሚያስገርም ነገር ነው። ነገር ግን ነገሩን ቀረብ ብለን ብንመረምረው፣ ገዥው ብቻ ሳይሆን ሻጩም፣ ሻጩ ብቻ ሳይሆን ከውጭ አገር ያስመጣውም ነጋዴ ሳያውቅ የሚሳሳትበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ፣ ቆዳን ከቆዳ መሳይ ለመለየት ማንኛውም ነጋዴ ሊያደርገው የሚችለውን ቀላል ምርመራ፣ በዕቃው ላይ የሚጻፉትንም ቃላት እውነተኛ ትርጉም በተቻለ መጠን ለመግለጽ አስበናል።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት፣ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝን ነገር ልናገር። እኔ በአንድ የአስመጪ ንግድ ቤት በጸሓፊነት የማገለግል ነኝ። በ2010 ዓ.ም. የንግድ ቤታችን 300 የሴት ቦርሳዎች ከውጭ አገር አስመጣ። የላኪው ደረሰኝ ዕቃውን «ፒዩ ሌዘር» ይለው ነበር። እኔም «ሌዘር» የሚለውን ቃል ስለማውቀው፣ «ፒዩ» የሚለውንም ሁለት ፊደል የፋብሪካ ምልክት ስለመሰለኝ፣ በየቦርሳው ላይ ለሚንጠለጠለው ካርድ «ንጹሕ ቆዳ» የሚል ጽሑፍ አዘጋጅቼ አሳተምሁ። ቦርሳዎቹ መልካቸው ያማረ፣ ስፌታቸው የቀና ስለ ነበረ ለብዙ ባለ ሱቆች ተከፋፈሉ፤ ከፊሉም በራሳችን ሱቅ ተሸጠ፤ የቀረው በመጋዘን ተቀመጠ።

በ2013 ዓ.ም. አንዲት በጡረታ ላይ ያሉ መምህርት ቦርሳቸውን ይዘው ወደ ሱቃችን መጡ። የቦርሳው ገጽ እንደ ደረቀ ቀለም እየተቀረፈ ይረግፍ ነበር፤ ከሥሩም ነጭ ጨርቅ ታየ። «ይህን ለልጄ የምረቃ ስጦታ ብዬ ነው የገዛሁት፤ በዓመት በዓል ካልሆነ በቀር አልያዘችውም» አሉ። እኔም፣ ምናልባት ውሃ ነክቶት እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ከቦርሳው ውስጥ የእኔን ካርድ አውጥተው፣ «ልጄ፤ ቆዳ ነው ብላችሁ የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ ያነበብሁትን አመንሁ እንጂ ቆዳ መመርመር ሥራዬ አይደለም» ብለው መለሱልኝ።

ወዲያው ወደ መጋዘን ወርደን የቀሩትን ቦርሳዎች ብንከፍት፣ ሰው ያልነካቸው ሁሉ በዚያው ዐይነት መሰነጣጠቅ ጀምረው አገኘናቸው። ከዚያም የዕቃውን መዝገብ አውጥቼ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ስመለከት ያየሁትን ነገር አልረሳውም። የጉምሩክ አስተላላፊያችን በዲክላራሲዮኑ ላይ ዕቃውን ያስመዘገበው በታሪፍ ቁጥር 4202.22 ነበር፤ ይህም ገጹ ከፕላስቲክ ወይም ከጨርቅ የተሠራ የእጅ ቦርሳ ማለት ነው። እንግዲህ በአንድ ማኅደር ውስጥ፣ በአንድ ዕቃ ላይ፣ አንዱ ወረቀት ፕላስቲክ ሲል ሌላው ወረቀት ቆዳ ይል ነበር። ሐሰተኛውን ቃል የጻፈው የውጭ አገሩ ላኪ ብቻ አልነበረም፤ እኔም ሳላውቅ አጽድቄዋለሁ። የንግድ ቤቱ ባለቤት ነገሩን በሰሙ ጊዜ አልተቈጡኝም፤ ነገር ግን «አንቺ የምትጽፊው ቃል የእኔ ፊርማ ነው» አሉኝ። ካርዱን ይዞ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ገንዘቡ እንዲመለስለትም አዘዙ። ከዚህ በታች የሚገኘው ሁሉ ከዚያ ቀን ወዲህ በመጠየቅና በመመርመር የተማርሁት ነው።

ቆዳ ምንድን ነው?

ቆዳ የእንስሳ ገላ ልባስ ነው። በፋብሪካ በክሮም ጨው ወይም ከዛፍ ቅርፊት በሚወጣ ማልፊያ ሲለፋ፣ የማይበሰብስና የሚተጣጠፍ ይሆናል። ከላይ በኩል፣ ማለት ጠጉር በነበረበት ወገን፣ ክሮቹ እጅግ የቀጠኑና የተጠጋጉ ናቸው፤ የጠጉሩ መውጫ ቀዳዳዎችም በዚያ ይታያሉ። ወደ ውስጥ፣ ወደ ሥጋው ወገን በሄድን ቍጥር ክሮቹ እየወፈሩና እርስ በርሳቸው እየተወሳሰቡ ይሄዳሉ። የቆዳ ጥንካሬ ያለው በዚህ ውስብስብ ክር ውስጥ ነው። ይህንንም የክር አሠራር እስካሁን ማንም ፋብሪካ እንደ ተፈጥሮ አድርጎ ሊሠራው አልቻለም። ስለዚህ ቆዳን ለመለየት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ መፈለግ ያለበት መልኩን ሳይሆን ክሩን ነው።

የከብት ቆዳ ወፍራም ስለ ሆነ ፋብሪካው በመኪና ሰንጥቆ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ንጣፍ ያወጣለታል። የላይኛው ንጣፍ፣ የጠጉሩ ወገን ያለበት፣ ብርቱውና ውዱ ነው። ይህ ገጽ ሳይፋቅ እንደ ተፈጥሮው ሲቀር «ፉል ግሬይን» ይባላል። ጠባሳውና ጉድለቱ እንዲጠፋ በስሱ ተፍቆ ቀለምና ቅርጽ ሲታተምበት ደግሞ «ኮሬክትድ ግሬይን» ይሉታል። የታችኛው ንጣፍ «ስፕሊት» የሚባለው ነው፤ እርሱም እውነተኛ ቆዳ ነው፤ ነገር ግን የላይኛው ገጽ ስለሌለው ጥንካሬው ያንሳል። የበግና የፍየል ሌጦ ግን ስስ ስለ ሆነ ብዙውን ጊዜ እንዳለ ይሠራበታል።

ቆዳ መሳይ የሚባሉት ምንድን ናቸው?

1ኛ፤ ፒቪሲ የሚባለው ነው። ጨርቅ ተዘርግቶ በላዩ የፒቪሲ ፕላስቲክ ይለበጥበትና የቆዳ ቅርጽ ይታተምበታል። ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ቅመም በጊዜ ብዛት እየወጣ ሲያልቅ፣ ዕቃው ይደርቅና ይሰነጠቃል።

2ኛ፤ ፒዩ የሚባለው ነው፤ ሙሉ ስሙ ፖሊዩሬቴን ነው። እርሱም እንደ ፊተኛው በጨርቅ ላይ የተለበጠ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ከፒቪሲ ይልቅ የለሰለሰና ቆዳን ይበልጥ የሚመስል ነው። ጠላቱ እርጥበትና ሙቀት ነው። ከዚህ ዐይነት ፕላስቲክ አብዛኛው በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ በቀስ ስለሚያፈርሰው፣ ማንም ሳይጠቀምበት በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ ጥቂት ዓመታት ሲያልፉት ይቀረፋል። በመጋዘናችን የደረሰው ይኸው ነው። ባለ ሱቆች ይህን ልብ እንዲሉት እለምናለሁ፤ ፒዩ ለረዥም ጊዜ ተከማችቶ የሚቆይ ዕቃ አይደለም።

3ኛ፤ «ቦንድድ ሌዘር» የሚባለው ነው። ይህ ከቆዳ ፋብሪካና ከጫማ ቤት የተረፈው ቍርጥራጭ ተፈጭቶ፣ በማጣበቂያ ተለውሶ እንደ ወረቀት ተዳምጦ የሚሠራ ነው። በውስጡ የቆዳ ድቃቂ አለበት፤ ሆኖም የተፈጥሮው የክር ውስብስብ ስለ ፈረሰ የቆዳ ጥንካሬ የለውም። ዱቄቱ ከስንዴ ቢሆንም የስንዴ ነዶ እንደማይባል ሁሉ፣ ይህም ቆዳ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።

4ኛ፤ «ባይካስት» የሚባለው ነው። ከታች ስፕሊት ቆዳ፣ ከላይ የፒዩ ልባስ ያለው ነው። ጀርባውን ያየ ሰው ቆዳ ነው ብሎ ይምላል፤ ፊቱን የለበሰው ግን ፕላስቲክ ነው። ከሁሉም ይልቅ ዐዋቂዎችን የሚያሳስት ይህኛው ነው።

ልባስ ያለበት ሁሉ ግን ሐሰተኛ ነው ማለት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። እውነተኛ ቆዳም ቀለም ይቀባል፤ ስስ ልባስም ይደረግለታል። በዓለም አቀፍ የደረጃ ስምምነት መሠረት፣ ልባሱ ከ0.15 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ሲሆን ነው ዕቃው ያለ ተጨማሪ ማስታወቂያ ቆዳ ሊባል የሚገባው።

የካርዱ ቃል ምን ይናገራል?

ማታለል የሚበዛው በዕቃው ላይ ሳይሆን በቃሉ ላይ ነው። በደረሰኝና በካርድ ላይ «ሌዘር» የሚለው ቃል ሲታይ ከፊቱ ያለውን ቃል መመርመር ያሻል። «ፒዩ ሌዘር»፣ «ፎ ሌዘር»፣ «ኢኮ ሌዘር»፣ «ቪጋን ሌዘር» የሚሉት ስሞች ብዙውን ጊዜ የሚያመለክቱት ከእንስሳ ቆዳ ያልተሠራ ዕቃን ነው። ከነዚህ «ኢኮ ሌዘር» የሚለውን አንዳንድ አምራቾች ተፈጥሮን በማይጎዳ መንገድ ለለፋ እውነተኛ ቆዳም ስለሚጠቀሙበት፣ ገዥው ምን ማለታቸው እንደ ሆነ በጽሑፍ ሊጠይቃቸው ይገባል። «ጄኑይን ሌዘር» የሚለው ደግሞ በዕቃው ውስጥ እውነተኛ ቆዳ መኖሩን ይናገራል እንጂ የትኛው ንጣፍ እንደ ሆነ፣ ጥራቱም ምን ያህል እንደ ሆነ አይናገርም። ስፕሊትም በዚሁ ስም ይሸጣል። እንዲሁም ካርዱ በየትኛው ክፍል ላይ እንደ ተሰፋ ማየት ያስፈልጋል፤ እጀታው ብቻ ቆዳ ሆኖ ገላው ፕላስቲክ የሆነ ቦርሳ አለና።

በገበያ ላይ ሊደረግ የሚችል ምርመራ

ከዚህ ቀጥሎ የተዘረዘሩት ምርመራዎች መኪና ወይም መድኃኒት የማይጠይቁ ናቸው። ይሁን እንጂ አንዱ ብቻ በቂ ስላልሆነ፣ ቢያንስ ሦስቱን አንድ ላይ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሀ. ጠርዙን ማየት። ከሁሉ የሚበልጠው ምርመራ ይህ ነው። ዕቃው የተቈረጠበትን፣ ያልታጠፈና ቀለም ያልተቀባ ጠርዝ ፈልጉ፤ በቦርሳ በኪሱ ውስጥ ወይም በማንገቻው ጫፍ፣ በጫማ ደግሞ በምላሱ ጫፍ ብዙ ጊዜ ይገኛል። እውነተኛ ቆዳ ከላይ እስከ ታች አንድ ሆኖ፣ የተወሳሰበ ክር እያሳየ ይታያል። ቆዳ መሳዩ ግን እንደ እንጀራና እንደ መሶብ ልብሱ ተለያይቶ፣ ከላይ የፕላስቲክ ንጣፍ፣ ከታች የተሸመነ ጨርቅ ያሳያል። ቦንድድ የሚባለው ሲቧጠጥ እንደ ካርቶን ይፈረፈራል። ባይካስት ደግሞ ክር ካለው ንጣፍ በላይ አንድ የተለየ፣ የሚያብለጨልጭ ሽፋን ያሳያል። ጠርዙ ሁሉ ታጥፎ ወይም በወፍራም ቀለም ተሸፍኖ ከሆነ፣ ሻጩን ቁራጭ ናሙና መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለ. ጀርባውን መዳሰስ። የቆዳ የሥጋ ወገን እንደ ከፋይ ለስለስ ያለ፣ ጥቂት የሻከረ ክር አለው። የሽመና መስመር ከታየ ጨርቅ ነው። ነገር ግን ከላይ እንደ ተናገርነው ባይካስት ይህን ምርመራ ያልፋል፤ ከቀጫጭን ክር የሚሠራ ከፋይ መሳይ ጨርቅም እጅን ያታልላል። ስለዚህ ይህን ምርመራ ከጠርዙ ጋር አስተባብሮ ማድረግ ነው።

ሐ. ገጹን በማጉሊያ መስተዋት መመልከት። የጠጉር ቀዳዳዎች በተፈጥሮ የተበተኑ ናቸው፤ በአንድ በኩል ይጠባሉ፣ በሌላ በኩል ይሰፋሉ፤ የእሾህ ጭረት፣ የመዥገር ንክሻ ምልክትም ሊገኝ ይችላል። በመኪና የታተመ ቅርጽ ግን ከጥቂት ጣት በኋላ ራሱን ይደግማል። በጣም የተስተካከለ ውበት የመጠርጠሪያ ምክንያት እንጂ የጥራት ምስክር አይደለም። በኮሬክትድ ግሬይን ላይም ቅርጽ ስለሚታተም፣ የታተመ ሁሉ ሐሰተኛ ነው ብሎ መፍረድ ግን አይገባም።

መ. መጫንና ማጠፍ። እውነተኛ ቆዳን በአውራ ጣት ብትጫኑት በጣቱ ዙሪያ የቀጠኑ ሽብሽቦች ይወጣሉ፤ ስታነሡም ይጠፋሉ። ፕላስቲኩ ግን ጎድጎድ ብሎ ይመለሳል እንጂ እንዲህ ያለ ሽብሽብ እምብዛም አያሳይም።

ሠ. የውሃ ጠብታ። ልባሱ ስስ የሆነ ቆዳ ጠብታውን ቀስ በቀስ ይጠጣል፤ ቦታውም ለጊዜው ይጠቁራል። ፕላስቲክ አይጠጣም። ሆኖም በሚገባ የተቀባ ቆዳም ውሃ አያስገባምና፣ ውሃ ያልጠጣ ሁሉ ሐሰተኛ ነው አይባልም። ውሃ ከጠጣ ግን ገጹ በፕላስቲክ እንዳልታሸገ ጥሩ ምልክት ነው።

ረ. ሽታ። የቆዳን ሽታ እናውቃለን፤ አዲስ ፕላስቲክም የራሱ ሽታ አለው። ይሁን እንጂ ዛሬ የቆዳ ሽታ በሽቶ መልክ ተሠርቶ በቆዳ መሳይ ላይ ስለሚረጭ፣ በአፍንጫ ብቻ መፍረድ ያሳስታል።

ሰ. እሳት። ይህ የመጨረሻው ምርመራ ነው፤ በዕቃው ላይ ሳይሆን ከናሙናው በተቈረጠ ትንሽ ክር ላይ ብቻ፣ በደጅ ሊደረግ ይገባል፤ ከፒቪሲ የሚወጣው ጢስ ለሳንባ ጎጂ ነውና። ከሥጋው ወገን የተቧጠጠ የቆዳ ክር ሲቃጠል እንደ ጠጉር ይሸታል፤ ከስሎ በእጅ ሲታሽ ይደቃል። ፕላስቲክ ግን ይቀልጣል፤ ሲበርድም ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ከላይኛው ቀለም ጋር አብሮ ማቃጠል ሽታውን ስለሚያደባልቀው፣ ቀለሙን ቀርፎ ክሩን ብቻ መፈተን ይሻላል።

ከነዚህ ሌላ ነጋዴው ሊያስበው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ስፋት ነው። ቆዳ በእንስሳው ቅርጽ ልክ የሚመጣና በስኩዌር ፊት የሚለካ ሲሆን፣ ቆዳ መሳይ እንደ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሜትር የሚሸጥ ነው። የአገራችን የበግ ሌጦ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ስኩዌር ፊት ያህል ብቻ ስለሚወጣው፣ አንድ የሰው ጃኬት ለመሥራት አያሌ ሌጦ ያስፈልጋል፤ መጋጠሚያውም ይበዛል። ስለዚህ «የበግ ቆዳ» ተብሎ ያለ አንዳች መጋጠሚያ ከትከሻ እስከ ጉልበት የሚወርድ ካፖርት ቢቀርብላችሁ፣ ይህን የሚያህል በግ በየትኛው አገር እንደሚገኝ መጠየቅ ይገባል።

ሕጉ ምን ይላል?

ይህ ነገር በሌሎችም አገሮች ብዙ ክርክር ስላስነሣ ሕግ ወጥቶለታል። የአውሮፓ ማኅበር በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጫማ መመሪያ መሠረት፣ ከየጥንዱ ቢያንስ በአንዱ ጫማ ላይ የላይኛው ክፍል፣ የውስጡ ገበርና የሶሉ ዐይነት በጽሑፍ ወይም በሥዕል ምልክት መገለጽ አለበት። የተዘረጋ የቆዳ ቅርጽ ቆዳ ማለት ነው፤ በዚሁ ቅርጽ ውስጥ የአልማዝ ቅርጽ ሲጨመርበት ልባስ ያለው ቆዳ ነው፤ የመረብ ቅርጽ ጨርቅ ነው፤ የአልማዝ ቅርጽ ብቻውን ሌላ ማናቸውም ነገር፣ ማለት ፕላስቲክና ጎማ ነው። የሚጻፈውም ከላይኛው ክፍል ስፋት ቢያንስ 80 በመቶ የያዘው ነገር ነው። ይህን የምልክት ትርጉም ያወቀ ባለ ሱቅ የአውሮፓን ቋንቋ ባያውቅ እንኳ ጫማውን አገላብጦ ሊያነበው ይችላል።

በአሜሪካም የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ቆዳ የሚመስል ነገር ግን ቆዳ ያልሆነ ዕቃ ቆዳ አለመሆኑ እንዲገለጽ፣ ቦንድድ የተባለውም በውስጡ ያለው የቆዳ ክር ስንት በመቶ እንደ ሆነ እንዲጻፍበት አመልክቷል። ኢጣልያም በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የሕግ ድንጋጌ፣ ቆዳ የሚለውን ስም ከእንስሳ ላልተገኘ ነገር በቅጽልም ቢሆን መጠቀምን ከልክላለች። በእኛም አገር በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ስለ ዕቃ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች መረጃ መስጠትን ከልክሏል። እንግዲህ የተሳሳተ ካርድ ማንጠልጠል የደንበኛን ቅሬታ ብቻ ሳይሆን የሕግን ተጠያቂነትም የሚያመጣ ነው።

አስመጪው ምን ያድርግ?

ከኪሳራችን የተማርነው ጥንቃቄ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ በትእዛዝ ደብዳቤው ላይ «ሌዘር» ብሎ ብቻ መጻፍን መተው ነው። የየትኛው እንስሳ፣ የትኛው ንጣፍ፣ ልባሱ ስንት ሚሊ ሜትር፣ ገበሩስ ከምን እንደ ሆነ በዝርዝር ይጻፍ።

ሁለተኛ፤ ላኪው ከእያንዳንዱ ቀለም አንድ አንድ ቁራጭ ናሙና፣ ጠርዙ ሳይቀባ፣ ፈርሞበት እንዲልክ ይጠየቅ። ዕቃው ሲገባ ከናሙናው ጋር ይተያይ።

ሦስተኛ፤ ደረሰኙ፣ የታሪፍ ቍጥሩና ካርዱ አንድ ቃል መናገራቸው ይረጋገጥ። የእጅ ቦርሳ ገጹ ቆዳ ሲሆን 4202.21፣ ፕላስቲክ ወይም ጨርቅ ሲሆን 4202.22 ነው። ጫማም ሶሉ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ሆኖ የላይኛው ክፍል ከቆዳ ከተሠራ በ6403፣ ከፕላስቲክ ከተሠራ በ6402 ይመዘገባል። ይሁን እንጂ 4202.21 ድቃቂውንም ቆዳ አብሮ ስለሚይዝ፣ ቍጥሩ ብቻውን የጥራት ማስረጃ አይሆንም። ሁለት ወረቀቶች ሲጣሉ ግን ካርድ ከማሳተም በፊት ምክንያቱን መጠየቅ ግዴታ ነው። እኔ ይህን የአንድ ደቂቃ ሥራ ብሠራ ኖሮ ያ ሁሉ ባልደረሰ ነበር።

ባለ ሱቁስ?

ቆዳ መሳይን መሸጥ በራሱ ነውር እንዳልሆነ መናገር ይገባል። የተማሪ ቦርሳ፣ የዝናብ ጫማ፣ የአነስተኛ ገቢ ሰው ቀበቶ በርካሽ ዋጋ መገኘቱ ለሕዝቡ ጥቅም ነው። ነውሩ በስሙ ላይ ነው። «ሰው ሠራሽ» ተብሎ በተገቢው ዋጋ የተሸጠ ቦርሳ ከሁለት ዓመት በኋላ ቢቀረፍ ደንበኛው አያዝንም፤ የከፈለውን ያህል ተገልግሎበታልና። «ቆዳ» ተብሎ በቆዳ ዋጋ የተሸጠው ግን ሲቀረፍ የሻጩን ስም አብሮ ይቀርፋል። ከዚህም ሌላ እውነተኛውን ቆዳ የሚሠራው የአገራችን ጫማ ሰፊና ቦርሳ ሠሪ፣ ፕላስቲኩ በቆዳ ስም በተሸጠ ቍጥር ዋጋ ያጣል። ገዥው በሐሰተኛው ሲቃጠል እውነተኛውንም ማመን ይተዋልና።

ስለ አቀማመጥም አንድ ቃል ልጨምር። ሰው ሠራሹን ዕቃ ከሙቀትና ከእርጥበት ጠብቆ፣ ፊት የገባውን ፊት መሸጥ ያስፈልጋል። እውነተኛውን ቆዳ ደግሞ በላስቲክ ጠቅልሎ ማፈን ሻጋታ ስለሚያመጣበት፣ ነፋስ በሚያገኘው፣ ፀሐይ በማይመታው ስፍራ ማኖር ይሻላል።

ለላኪዎች

የአገራችን ሌጦ በዓለም ገበያ የተከበረ ስም አለው። የደጋው በግ ሌጦ፣ በተለይ በሰላሌ ስም የሚታወቀው፣ ስስና ጠንካራ በመሆኑ ለእጅ ጓንት ይፈለጋል፤ በወሎ የባቲ ገበያ ስም የተጠራው የፍየል ሌጦም በውጭ አገር ቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ በስሙ ይታወቃል። ይህ ስም ብዙ ገበሬና ብዙ ነጋዴ በረዥም ዘመን ያገኙት ሀብት ነው። የኢትዮጵያ ቆዳ ነው ተብሎ ለእንግዳ ወይም ለውጭ ደንበኛ የሚሸጥ አንድ የፕላስቲክ ቦርሳ፣ ባለቤቱ ባይታወቅም ይህን የጋራ ሀብት ይነካል። ስለዚህ ላኪው በሚልከው ዕቃ ላይ ገበሩ፣ ማጠናከሪያውና ማንገቻው ሳይቀር ከምን እንደ ተሠራ ጽፎ ቢልክ፣ ለራሱም ለአገሩም ጠበቃ ይሆናል።

ማጠቃለያ

በንግድ ቤታችን የቀሩት ቦርሳዎች መጨረሻ ምን ሆነ የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ጨርሰው ያልተበላሹት አሮጌው ካርድ ተነሥቶላቸው «ሰው ሠራሽ፤ ገጹ ፒዩ፣ ጀርባው ጨርቅ» የሚል አዲስ ካርድ ተንጠልጥሎባቸው በዝቅተኛ ዋጋ ተሸጡ። ገዥዎችም ዐውቀው ስለ ገዙ አንድም ሰው ተመልሶ አልመጣም። መምህርቷ ግን ገንዘባቸው ከተመለሰላቸው በኋላ በሌላ ጊዜ መጥተው ቀበቶ ሲገዙ፣ ካርዱን ሳያነቡ ቀበቶውን አገላብጠው ጠርዙን ተመለከቱ። ያን ጊዜ አፈርሁም፣ ደስም አለኝ። ያፈርሁት ቃላችንን ማመን ስለ ተዉ ነው፤ ደስ ያለኝም ጠርዙ ያሳያቸው ነገር በካርዱ ላይ ከጻፍሁት ጋር አንድ ስለ ነበረ ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ቆዳም እንዲሁ ነው፤ እውነተኛው እያደር ይለሰልሳል፣ ሐሰተኛው እያደር ይረግፋል። የነጋዴ ጥበብ ይህ ቀን ሳይደርስ፣ ዕቃው ገና በእጁ ሳለ ጠርዙን አይቶ፣ ያየውንም በትክክለኛ ስሙ መጻፍ ነው።